የአፓርታማ ክላዲንግ አገጣጠም፦ ከልኬት እስከ ውሃ ሙከራ

ነሐሴ ላይ ሰሚት አካባቢ ወዳለ አንድ ጂ ፕላስ ሰባት አፓርታማ ጠሩኝ። ስድስተኛ ፎቅ ጥግ ላይ አንድ የክላዲንግ (የውጭ ግድግዳ ልባስ) ሉህ በአንድ ሪቬት ብቻ ተንጠልጥሏል። ነፋስ በመጣ ቁጥር ግድግዳውን ይደበድባል። ከሥሩ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ግቢ ነው። ሉሁን አውርደን ጀርባውን አየን። ብራኬቱን (የሉሁን ፍሬም ከግድግዳው ጋር የሚያያይዘውን ብረት) የያዘውን ብሎን በሁለት ጣቴ ስስበው ወጣ። ጥርሱ ላይ ግራጫ የብሎኬት ዱቄት ተለጥፎበታል። ሕንፃው ክላዲንግ ከለበሰ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር።

እንዲህ ዓይነት ጥሪ በየክረምቱ ይደርሰኛል። ከለቡ፣ ከጀሞ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከቱሉ ዲምቱ። አብዛኛውን ጊዜ ሉሁ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ ሉሁ የሸፈነው ነገር ላይ ነው። ብሎኑ የገባበት ቦታ፣ የቱቦላሬው (ፍሬሙ የሚሠራበት ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ) ውፍረት፣ ውሃው የሚወርድበት መንገድ፣ እሳት የሚወጣበት ክፍተት። ሰው ግን ሥራውን ቀለም ከመምረጥ ይጀምራል። ስለዚህ እዚህ ስለ ቀለም ብዙ አልልም።

የጻፍኩት ለቤት ማኅበር ኮሚቴዎች፣ ለአሠሪዎች፣ ለፎርማኖችና ለጀማሪ መሐንዲሶች ነው። የምናወራው ገበያው በጅምላ አሉኮቦንድ ስለሚለው ነገር ነው። ሁለት ስስ የአሉሚኒየም ቆዳ፣ መሐሉ ኮር ያለው ባለ 4 ሚሊ ሉህ። ግራናይት ወይም ሌላ ድንጋይ የምታስለብሱ ከሆነ ክብደቱ ሌላ ስሌት ይፈልጋል፣ ይህ መመሪያ አይበቃችሁም።

ደረጃ 1፦ ወቅቱንና ወረቀቱን አስተካክሉ

ሥራውን መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት ላይ ጀምሩ። ከግንቦት በፊት ጨርሱ። ሲሊኮን እርጥብ ነገር ላይ አይይዝም። በክረምት የተሞላ መጋጠሚያ በበጋ ይላቀቃል።

ፈቃዱን ቀድማችሁ ጨርሱ። ዳር ከተማ ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቦታው በአዲስ አበባ ነው ወይስ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የሚለው ነው። አንድ መንገድ ተሻግራችሁ ሌላ አስተዳደር ልትገቡ ትችላላችሁ። ፈቃድ ወደሰጣችሁ ቢሮ ሂዱና ሦስት ነገር ጠይቁ። የፊት ገጽታ ለውጥ የተሻሻለ ንድፍ ያስፈልገዋል ወይ? የቀለም መመሪያ አለ ወይ? ክላዲንጉ የሚወጣበት ውፍረት ከወሰን አያልፍም ወይ? የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ክላዲንግ ከግድግዳው ከ10 እስከ 20 ሳንቲም ወደ ውጭ ይወጣል። ጎረቤት ወሰን ላይ ልስኑን ጨርሳችሁ የቆማችሁ ከሆነ ቦታ የላችሁም።

ደረጃ 2፦ ሕንፃውን ለኩ፣ ንድፉን አትመኑ

ንድፉ ላይ ሕንፃው ቀጥ ያለ ነው። ሳይት ላይ ግን አይደለም። የሶሌታ (የፎቅ ወለል ኮንክሪት) ጫፍ ከፎቅ ፎቅ መለያየቱ የተለመደ ነው። አንድ ሥራ ላይ ሦስተኛው ፎቅ ወደ ውጭ፣ አምስተኛው ወደ ውስጥ ሆኖ በመካከላቸው የ6 ሳንቲም ልዩነት አግኝቻለሁ። ሉሁ ግን ከንድፉ ላይ ተለክቶ ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ ነበር። ግማሹ ተጣለ።

እንዲህ አድርጉ።

1. ከፓራፔቱ (ጣሪያው ዳር ካለው አጭር ግድግዳ) ላይ በየጥጉና በየ3 ሜትሩ ቱምቢ (ጫፉ ላይ ክብደት ያለው ገመድ) ጣሉ። ነፋስ እንዳያወዛውዘው ክብደቱን ውሃ የሞላ ባልዲ ውስጥ ንከሩት።
2. በየፎቁ ከገመዱ እስከ ሶሌታው ጫፍ፣ ከገመዱ እስከ ብሎኬቱ ያለውን በሚሊ ጻፉ።
3. በጣም ወደ ውጭ የወጣውን ነጥብ ፈልጉ። የክላዲንጉ ፊት የሚወሰነው በእሱ ነው። ከዚያ ነጥብ ላይ ቱቦላሬውንና ቢያንስ 2.5 ሳንቲም የአየር ክፍተት ጨምሩ።
4. እያንዳንዱን መስኮት በስፋት ሦስት ቦታ፣ በቁመት ሦስት ቦታ ለኩ። ሰያፉንም ለኩ። አንዱን ለክታችሁ «ሌላውም እንደዚሁ ነው» አትበሉ።
5. ቢሙ፣ ኮለኑ፣ ሶሌታው የት እንዳለ ግድግዳው ላይ በቀለም አስምሩ። ከተለሰነ በኋላ ብሎኬትና ኮንክሪት በዓይን አይለዩም። በመዶሻ መታ መታ አድርጉ። ብሎኬት ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ካጠራጠራችሁ በቀጭን ፑንታ (የመብሻ ብረት) ብሱና የሚወጣውን ዱቄት እዩ።

ልዩነቱ ከ5 ሳንቲም በላይ ከሆነ ረዥም ብራኬት ያስፈልጋል። ረዥም ብራኬት ደግሞ ብሎኑን በኃይል ይፈለቅቃል፣ መሐንዲሱ እንደገና ያስላው። በአንዱ ላይ አንዱን ላሜራ እየደረባችሁ «አሟሉት» የሚል ሰው ካለ አስቁሙት።

ደረጃ 3፦ ለነፋስ ንደፉ

ክላዲንግ የሚወድቀው በክብደቱ ይመስለናል። አይደለም። 1.22 በ2.44 የሆነ አንድ ሙሉ ሉህ ከ16 እስከ 23 ኪሎ ቢመዝን ነው። ጣጣው ነፋስ ነው። ነፋስ የፊት ግድግዳውን ይገፋል፣ ጥጉ ላይ ሲታጠፍ ደግሞ ሉሁን ወደ ውጭ ይስባል።

የአገራችን የሕንፃ ኮድ ለስሌት የሚነሳበት የነፋስ ፍጥነት በሰከንድ 22 ሜትር ነው። ጂ ፕላስ ሰባት ከፍታ ላይ፣ ዙሪያው ገላጣ ሲሆን፣ ጥጉ አካባቢ አንድ ሙሉ ሉህ ላይ የሚያርፈው ስበት ከ200 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። 20 ኪሎ የሚመዝን ሉህ ላይ ማለት ነው! መሐል ከተማ ሕንፃ ሕንፃን ይከልላል። ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ ግን ከፊታችሁ እርሻ ነው። ስለዚህ ፒያሳ የሠራ ንድፍ እዚያ ላይሠራ ይችላል።

ጥግ የሚባለው ስንት ነው? እንዲህ ላለ ሕንፃ የግድግዳው ስፋት አንድ አምስተኛ ውሰዱ። 20 ሜትር ስፋት ካለው ከእያንዳንዱ ጥግ 4 ሜትር። እዚያ ውስጥ ብራኬቱም ሪቬቱም ይጠጋጋል።

አሁን ወደ ቱቦላሬው። ደረጃ 5 ላይ እንደምታዩት ብሎኬት ብሎን አይይዝም፣ ስለዚህ ቋሚው ቱቦላሬ ከሶሌታ ሶሌታ ብቻውን መዘርጋት አለበት። ያ ወደ 3 ሜትር ነው። ለአንድ ካሬ 60 ኪሎ ነፋስ እንውሰድ። ቋሚዎቹ በ1.20 ሜትር ተራርቀው ቆመዋል እንበል። ሳይት ላይ በብዛት የማየው 40 በ40፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ የሆነ የብረት ቱቦላሬ መሐሉ ላይ ወደ 7 ሳንቲም ይጎብጣል። ከዚያ በኋላ ወደ ቦታው ላይመለስም ይችላል። 60 በ40 ባለ 3 ሚሊ፣ 60ው ከግድግዳው ወደ ውጭ ዞሮ ከቆመ፣ 1.5 ሳንቲም አካባቢ ይጎብጣል። ይህ ተቀባይነት ያለው ነው። በአሉሚኒየም ከሆነ መጎበጡ ለተመሳሳይ ቅርጽ ሦስት እጥፍ ነው፣ ስለዚህ በጣም ትልቅ ፕሮፋይል ይፈልጋል። ይህን ስሌት ያመጣሁት ልዩነቱን እንድታዩት ነው። የእናንተን ሕንፃ መሐንዲስ በፊርማው ያስላው። መስኮቱ አናት ላይ የኮንክሪት ቢም ካለ ርዝመቱ ይቀንሳል፣ ያንን ንገሩት።

ሉሁም ይንቀሳቀሳል። አሉሚኒየም በየሜትሩና በየዲግሪው 0.024 ሚሊ ይለጠጣል። ጥቁር ሉህ ኅዳር ላይ ጠዋት በብርዱና ቀትር ላይ በፀሐዩ መካከል የ50 ዲግሪ ልዩነት ሊያይ ይችላል። 2.44 ሜትር ሉህ ላይ ይህ ወደ 3 ሚሊ ነው። ብዙ ጊዜ የምንጠቀመው ጥሩ ሲሊኮን የክፍተቱን ሩብ ያህል ይለጠጣል። ስለዚህ መጋጠሚያው ቢያንስ 12 ሚሊ ይሁን። እኔ 15 አደርጋለሁ። አርክቴክቱ «5 ሚሊ ያምራል» ቢላችሁ እምቢ በሉ።

ደረጃ 4፦ ሉሁን ስትገዙ

መርካቶ ስትሄዱ ካሊፐር፣ ፒንሳና ላይተር ያዙ። ናሙና ሳትፈትሹ ቅድመ ክፍያ አትክፈሉ።

መጀመሪያ ቆዳውን። ከናሙናው ጥግ ላይ የአሉሚኒየሙን ቆዳ በፒንሳ ላጡና በካሊፐር ለኩ። ለውጭ ግድግዳ 0.5 ሚሊ ይሁን። 0.2 እና 0.3 የሆነው ለማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። ሁለቱም ከውጭ ሲታዩ 4 ሚሊ ናቸው፣ አንድ ዓይነት ይመስላሉ።

ቀጥሎ ቀለሙን። ፒቪዲኤፍ የተባለውን ፀሐይ የሚችል ቀለም የተቀባ ይሁን። ፖሊስተር የተቀባው ርካሽ ነው፣ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ባለ ከተማ ፀሐይ ቶሎ ያነጣዋል።

አሁን ዋናው፣ ኮሩ። ተራው ኮር ፖሊኢትሊን የሚባል ፕላስቲክ ነው። ይቃጠላል፣ እየነደደም ይንጠባጠባል። ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ ግሬንፌል ታወር የተባለ ባለ 24 ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ ተቃጥሎ 72 ሰው ሞቷል። እሳቱ የተነሳው አራተኛ ፎቅ ላይ ካለ አንድ ማቀዝቀዣ ነው። ወደ ላይ ያወጣው በዋናነት ይኸው ኮር ያለው ክላዲንግ ነበር። ሰው ተኝቶ የሚያድርበት ሕንፃ ላይ ፖሊኢትሊን ኮር አትለጥፉ። በዚህ ላይ ለድርድር ቦታ የለኝም።

የምትጠይቁት በአውሮፓ መለኪያ ኤ2 ደረጃ ያለው ማዕድን ኮር ነው። እሱ ከታጣ ቢያንስ ቢ። ሻጩ «ፋየር ፕሩፍ ነው» ቢላችሁ የፈተናውን ወረቀት ይስጣችሁ። ወረቀቱ ላይ ያለው የሉህ ስምና ውፍረት ከጀርባው ከታተመው ጋር አንድ መሆኑን አመሳክሩ። ከዚያ ቁራጩን ይዛችሁ ወደ ደጅ ውጡ። ቆዳውን ልጣችሁ ኮሩን አሸዋ ላይ በፒንሳ ያዙትና ላይተር አስጠጉ። እንደ ሻማ ቀልጦ እሳት የሚያንጠባጥብ ከሆነ ሱቁን ለቃችሁ ሂዱ። ላይተሩን ስታነሱ የሚጠፋና የማይንጠባጠብ ከሆነ ደህና ምልክት ነው፣ የወረቀቱን ቦታ ግን አይተካም። በኮሩ ቀለም አትፍረዱ። ነጭም ጥቁርም ሊነድ ይችላል።

ሙሉውን ብዛት ከአንድ ባች (በአንድ ዙር ከተመረተ) ግዙ። ከሌላ ባች የመጣ ብርማ ሉህ ጎን ለጎን ሲቆም ልዩነቱ ከመንገድ ይታያል።

ደረጃ 5፦ ብራኬትና አንከር

መመሪያውን ሁሉ ለማንበብ ጊዜ ካጣችሁ ይህን ክፍል ብቻ አንብቡ። የሰሚቱ ሉህ የተንጠለጠለው በዚህ ደረጃ ስህተት ነው።

ብራኬት የሚታሰረው ኮንክሪት ላይ ነው። ሶሌታ፣ ቢም፣ ኮለን። ብሎኬት ላይ በፍጹም። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፣ ኤክስፓንሽን ብሎን ሲጠብቅ ቀጭኑን ግድግዳ ሰብሮ ይገባል። በመጀመሪያው ቀን የጠበቀ ይመስላል። ነፋስ አንድ ክረምት ሲያወዛውዘው ቀዳዳው ይሰፋል።

1. ፌሮው (ኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ብረት) የት እንዳለ መርምሩ። ፑንታው ብረት ከነካ አትግፉ፣ ቀዳዳውን ቀይሩ።
2. ልስኑን ቁጠሩ። 3 ሳንቲም ልስን ላይ 7 ሳንቲም ብትበሱ ኮንክሪት ውስጥ የገባው 4 ብቻ ነው። ብራኬቱ የሚቀመጥበትን ልስን ፈንቅሉና ኮንክሪቱን ግለጡ።
3. አምራቹ በሚለው የፑንታ መጠንና ጥልቀት ብሱ። ፑንታው ላይ ጥልቀቱን በፕላስተር ምልክት አድርጉ።
4. ቀዳዳውን በብሩሽ አጽዱ፣ በፓምፕ ንፉ፣ እንደገና አጽዱ። ዱቄት ያለበት ቀዳዳ ብሎን አይይዝም። ሠራተኞች የሚዘሉት ይህን ነው።
5. ለሶሌታ ጫፍ ስትጠጉ ተጠንቀቁ። ብሎኑ ከጠርዙ የሚርቅበትን ትንሹን ርቀት አምራቹ ጽፎታል። ከዚያ ካነሰ ኮንክሪቱ በሸክላ መልክ ይሰነጠቃል።
6. ብራኬቱና ኮንክሪቱ፣ ብራኬቱና አሉሚኒየሙ መካከል የጎማ ወይም የናይሎን ሮንዴላ አስገቡ። አሉሚኒየምና ብረት እርጥበት ላይ ከተነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል።
7. ዳዶውን በቶርክ መፍቻ አጥብቁ። ያጠበቃችሁትን ዳዶ በቀለም አንድ መስመር አስምሩበት። በኋላ ከተፈታ መስመሩ ይሳታል፣ በዓይን ታውቁታላችሁ።

ሥራው ሲጀመር የተወሰኑ አንከሮችን (ኮንክሪት ውስጥ የገቡትን ብሎኖች) በመሳቢያ መሣሪያ አስፈትኑ። መሐንዲሱ ያሰላውን ጭነት ከነመጠባበቂያው መቻል አለባቸው። አንዱ ከወጣ በዚያ ፎቅ ያሉትን ሁሉ ፈትሹ።

ብሎኑ ሲጠብቅ ዝም ብሎ የሚሽከረከር ከሆነ? ቀዳዳው ሰፍቷል። ክብሪት እንጨት ወይም ሽቦ ጨምራችሁ አታጥብቁት። ያንን ቀዳዳ ተዉት። የጥልቀቱን ሁለት እጥፍ ራቁና አዲስ ብሱ። ቦታ ከሌለ መሐንዲሱ በሚፈቅደው ኬሚካል አንከር (በሙጫ የሚያዝ ብሎን) ተኩት። ባዶውን ቀዳዳ በማይኮማተር ግራውት ሙሉ።

ደረጃ 6፦ ቋሚዎቹን አቁሙ

ከጥጎቹ ጀምሩ። ሁለቱን ጥግ በቱምቢ ካቆማችሁ በኋላ መካከላቸው ገመድ ወጥሩና ሌሎቹን በገመዱ አስተካክሉ። እያንዳንዱ ቋሚ አንድ የጠበቀ ብራኬት ብቻ ይኑረው። ሌሎቹ ሞላላ ቀዳዳ ይሁኑ፣ ቱቦላሬው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ይንሸራተት። በፎቅ ፎቅ መካከል 1 ሳንቲም ክፍተት ትታችሁ ቀጥሉ። ከታች እስከ ላይ አንድ ወጥ በብየዳ የተያያዘ ቋሚ ቀትር ላይ ቋ እያለ ሰው ያስደነግጣል።

ጋልቫናይዝድ ቱቦላሬ ስትቆርጡ ወይም ስትበይዱ ሽፋኑ ይነሳል። የተቆረጠውን ጫፍ ሁሉ በዚያው ቀን በዚንክ ቀለም ቅቡ። «ሉሁ ይሸፍነዋል» የሚል ሰው ዝገቱ በሲሊኮኑ ሥር ቡናማ ሆኖ ሲወርድ አያየውም። ነዋሪው ነው የሚያየው።

ለሥራው የብረት ስካፎልዲንግ ተጠቀሙ። ለዚህ ከፍታ የባሕር ዛፍ ርብራብ አይሆንም። ከሕንፃው ጋር የሚታሰርበትን ነጥብ መጋጠሚያ ላይ አድርጉት፣ አለዚያ ሲፈታ ሉሁ መሐል ቀዳዳ ይተዋል። ከሁለት ሜትር በላይ ያለ ሠራተኛ ሁሉ ቀበቶውን ራሱን ችሎ በተወጠረ ገመድ ላይ ይሰር። በበጋ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲበረታ ሙሉ ሉህ ይዞ ስካፎልዲንግ ላይ መቆም ሸራ ይዞ እንደመቆም ነው። ሉህ የማንሳት ሥራ ጠዋት ይለቅ።

ደረጃ 7፦ ከሉሁ በፊት ውሃውና እሳቱ

ሉሁ ከተዘጋ በኋላ ይህን ማስተካከል ማለት መልሶ ማፍረስ ነው።

ግድግዳውን ለስኑ። ብዙ አሠሪ «ክላዲንግ ስለሚለብስ» ብሎ የውጭውን ልስን ይተዋል። ሲሊኮኑ አንድ ቦታ ሲከፈት ውሃው በብሎኬቱ መጋጠሚያ ቀጥታ መኝታ ቤት ይገባል። ለስኑ፣ ውሃ የማያሳልፍ ቀለም ቅቡ፣ የብራኬቱን ዙሪያ ዝጉ።

መስኮት ላይ የታጠፈ የአሉሚኒየም ላሜራ አድርጉ። የታችኛው ወደ ውጭ ያዘቀዝቅ፣ ሁለት ጫፉ ወደ ላይ ይታጠፍ። የላይኛው ደግሞ ጫፉ ላይ የውሃ ማንጠባጠቢያ እጥፋት ይኑረው። ሲሊኮን ብቻውን ላሜራን አይተካም።

ፓራፔቱን የሚሸፍነው ክዳን ወደ ጣሪያው በኩል ያዘቅዝቅ። ወደ መንገዱ ካዘቀዘቀ በየዝናቡ አቧራው በፊት ገጽታው ላይ ይወርዳል። ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶም እዩ። የማፍሰሻ ቱቦው አፍ ወዴት ነው? ለቡ ውስጥ አንድ ቤት ለወራት «ክላዲንጉ ያፈሳል» ሲባል ቆየ። ቱቦው ከፓራፔቱ ጀርባ ቆሞ ሮቶው በሞላ ቁጥር ክላዲንጉ ውስጥ ይፈስ ነበር። ቱቦውን አሸንዳው ውስጥ አስገባነው፣ መፍሰሱ ቆመ።

አሁን እሳቱ። በሉሁና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት እንደ ጭስ ማውጫ ይስባል። ሉሁ ባይነድ እንኳ ነበልባሉን ወደ ላይ ያወጣዋል። በእያንዳንዱ ሶሌታ ትክክል ክፍተቱን በሮክ ዉል (ከድንጋይ በተሠራ የማይነድ ጥጥ) ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ዝጉ። ሥሩን በ1.5 ሚሊ ጋልቫናይዝድ ላሜራ ደግፉ። በመስኮት ዙሪያም እንዲሁ። ከሮክ ዉሉ በላይ ውሃውን ወደ ውጭ የሚያወጣ ላሜራ አድርጉና በየሉሁ ስፋት ሁለት የማፍሰሻ ቀዳዳ ተዉ። እንዲህ ከሆነ እያንዳንዱ ፎቅ ውሃውን ራሱ ያወጣል። ከስፕሬይ የሚወጣውን ቢጫ ፎም ለዚህ አትጠቀሙ። ይነድዳል።

የታችኛውን ጫፍ በወንፊት ዝጉ። አይጥና ወፍ ይገባል።

እዚህ ጋ ቁሙ። መሐንዲሱ ሳያይ፣ ኮሚቴው እያንዳንዱን ፎቅ ፎቶ ሳያነሳ አንድ ሉህ እንዳይሰቀል። ውሉ ላይም ክፍያው ከዚህ ፍተሻ ጋር የታሰረ ይሁን። ከዚህ በኋላ የሚታይ ነገር የለም።

ደረጃ 8፦ መቁረጥና ማጠፍ

ልኩን ከቆሙት ቋሚዎች ላይ እንደገና ውሰዱ። ለእያንዳንዱ ሉህ ቁጥር ስጡ፣ ቁጥሩን ጀርባው ላይ ጻፉ። መከላከያ ላስቲኩ ላይ ያለው ቀስት ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሁን። ብርማና ወርቃማ ቀለም ቀስቱ ሲገለበጥ ሌላ ቀለም ይመስላል።

ለማጠፊያው ከጀርባ ቪ ቅርጽ ያለው ቦይ ቅደዱ። የፊቱን ቆዳ ሳትነኩ ከበላዩ 0.3 ሚሊ ኮር ይትረፍ። በግራይንደር በዓይን የሚገምት ሰው አንዴ በጣም ጠልቆ፣ አንዴ ትንሽ ቀርቶበት ይጨርሳል። ራውተሩን ጥልቀቱ ላይ ቆልፉት። መጀመሪያ በቁራጭ ሞክሩ። አጥፉና እጥፋቱን በፀሐይ እዩት። ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ ካለ በጣም ጠልቋል።

አንዴ ብቻ እጠፉ። ተሳስታችሁ መልሳችሁ ከዘረጋችሁት ያ ሉህ ለግድግዳ አይሆንም።

ጠርዙ ላይ ያሉትን ኤል ቅርጽ ክሊፖች ከ30 እስከ 40 ሳንቲም እየራቃችሁ በሪቬት እሰሩ፣ ጥግ አካባቢ አጠጋጉ። ሉሁን በሁለት ፊት በሚጣበቅ ፕላስተር ወይም በሲሊኮን ብቻ የሚለጥፍ ባለሙያ ከመጣ አሰናብቱት።

ደረጃ 9፦ መስቀል

ከታች ወደ ላይ ሂዱ። የመጀመሪያው ረድፍ በውሃ ልክ ፍጹም ይሁን። 2 ሚሊ ስህተት ሰባተኛ ፎቅ ላይ ትልቅ ይሆናል። 15 ሚሊ የሆነ እንጨት ቆርጣችሁ በየመጋጠሚያው አስገቡ፣ ክፍተቱ እኩል ይሆናል። ከክሊፖቹ መሐል የአንዱ ቀዳዳ ክብ፣ የሌሎቹ ሞላላ ይሁን። ስቴንለስ ብሎን ተጠቀሙ።

ሉሁ መሐሉ ላይ ማዕበል ከሠራ አትግፉት። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ከሁሉም ጎን በጣም መጥበቁ ነው። ብሎኖቹን ፍቱ፣ ሉሁ ይረፍ፣ እንደገና ከመሐል ወደ ዳር አጥብቁ። ካልጠፋ ከጀርባው ማጠናከሪያ ፕሮፋይል ያስፈልገዋል።

ደረጃ 10፦ ሲሊኮን

ኒውትራል ሲሊኮን ግዙ። ሲከፈት ኮምጣጤ የሚሸት ከሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ ብረቱን ያጠቃል።

ዳር ከተማ ላይ ትልቁ ጠላት አቧራ ነው። አስፋልት ያልገባበት መንገድ ዳር ጠዋት ያጸዳችሁት ጠርዝ ምሳ ሰዓት ላይ ዱቄት ለብሷል። ስለዚህ በዚያ ሰዓት የምትሞሉትን ብቻ አጽዱ። አንድ ጨርቅ አልኮል ነክሮ ይጠርጋል፣ ሌላ ደረቅ ጨርቅ ሳይተን ይወለውላል። ባከር ሮድ የሚባለውን የስፖንጅ ገመድ ከክፍተቱ ትንሽ ወፍራሙን መርጣችሁ አስገቡ። የሲሊኮኑ ጥልቀት የስፋቱ ግማሽ ይሁን። ሁለቱን ዳር በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ፣ ሙሉ፣ ጫን ብላችሁ አስተካክሉ፣ ሳይደርቅ ፕላስተሩን አንሱ። ለውሃ ማፍሰሻ የተተዉትን ቀዳዳዎች እንዳትደፍኗቸው!

ከላይ ወደ ታች ሥሩ። መከላከያ ላስቲኩንም በዚያው ላጡ። ወራት ፀሐይ ላይ ከቆየ ሙጫው ቀለሙ ላይ ይቀራል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ቦታ በስለት ቁረጡና ሲሊኮኑን በጣት ሳቡ። እየተለጠጠ መሐሉ ላይ ከተበጠሰ ይዟል። ከአሉሚኒየሙ ላይ ንጹሕ ሆኖ ከተላቀቀ አልያዘም። በላዩ ሌላ ሲሊኮን አትደርቡ። አውጡ፣ አጽዱ፣ ፕራይመር ካስፈለገ ቅቡ፣ እንደገና ሙሉ።

ደረጃ 11፦ የውሃ ሙከራና ርክክብ

ስካፎልዲንጉ ሳይፈታ በየፎቁ ሞክሩ። ውሃ በጎማ ከታችኛው መጋጠሚያ ጀምራችሁ ወደ ላይ ቀስ እያላችሁ እርጩ። በእያንዳንዱ መስኮት ዙሪያ አሥር ደቂቃ ያህል ቆዩ፣ አንድ ሰው ውስጥ ባትሪ ይዞ ይመልከት። ከላይ ከጀመራችሁ የቱ ጋ እንደገባ አታውቁም። የማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ ውሃ ማውጣታቸውንም እዩ።

ማታ ማታ ሉሁ የሚንኳኳ ከሆነ አንድ ክሊፕ ልል ነው ወይም ሪቬት ተበጥሷል። ነዋሪው ድምፁን ከየትኛው ክፍል እንደሚሰማ ጠይቁ፣ ከዚያ ክፍል በላይና በታች ያለውን ረድፍ ክፈቱ። «ነፋስ ነው» ብላችሁ አትለፉት። የሰሚቱም ነዋሪዎች ለወራት ሲሰሙት ነበር።

ለኮሚቴው የሚሰጠው ማኅደር ውስጥ የመሐንዲሱ ስሌት፣ የኮሩ የፈተና ወረቀት፣ የአንከር ሙከራው ውጤት፣ ከሉሁ በፊት የተነሱት ፎቶዎችና የሉሆቹ ቁጥር ያለበት ንድፍ ይግባ። ዲሽ የሚታሰርበትን ቦታ ጣሪያው ላይ አዘጋጁና ነዋሪ ሳይገባ አሳውቁ። አለዚያ እያንዳንዱ የበረንዳውን ዳር ይበሳል። በየዓመቱ መስከረም ላይ የጥግ ሉሆችንና የመስኮት ዙሪያውን አስፈትሹ። ከዚያው ባች የተረፈ አምስት ስድስት ሉህ ደግሞ ምድር ቤት በጠፍጣፋው አስተኝታችሁ፣ ላስቲኩን ሳትልጡ አስቀምጡ።